ያልተለቀሰለት ንጉሥ

ባለፈው ሳምንት አንድ ክፍል ገብቼ ስለ አስተያየት አሰጣጥ አስተማርሁ። አስተያየት ማለት ወደድሁ፣ ጠላሁ ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ መጀመሪያ ያየነውን መናገር፣ ቀጥሎ ያየነው ነገር ምን እንዳደረገን መናገር፣ ከዚያ ምክንያት መስጠት ነው። ይህን በሰሌዳው ላይ በሦስት መስመር ጻፍሁና በቅርቡ ስላዩት ፊልም እንዲናገሩ ተማሪዎቼን ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ የመረጡት አንድ ፊልም ነው፤ በስልክ እየተቀባበሉ የሚያዩት፣ ስለ አንድ የጥንት ንጉሥ የተሠራ፣ ጭቃና ደም የበዛበት የጦርነት ፊልም። አንዱ የሰይፉን ድምፅ አደነቀ። አንዱ ንጉሡ እንደ ማንም ሰው መቆሸሹን ወደደው። ሌላው ፊልሙ ከመጨለሙ የተነሣ ማን ማንን እንደሚገድል አይለይም ብሎ አማረረ። በመጨረሻ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ከገጠር እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ተነሥታ መጨረሻውን እንዳልወደደችው ተናገረች። ምክንያቷን ጠየቅኋት። "ንጉሡ ሲሞት ማንም አላለቀሰለትም፤ ወዲያው ጽሑፍ መጣ" አለችና ተቀመጠች። ክፍሉ ሣቀ። እኔ ግን ጠመኔውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

ይህችን አስተያየት ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። የሰማኋት ልጅቷ ገና ሳትወለድ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ብዙም በማይርቅ አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው።

ወረታ የመጣሁት ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ካኪ ሱሪና ብዙ የማስተማር ጉጉት ይዤ ነው። የዚያን ጊዜዋን ወረታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያዩበት ቦታ ዛሬ ባጃጅ ከባጃጅ ይጋፋበታል፤ ያን ጊዜ የጋሪ ፈረሶች ነበሩ የሚቆሙበት፤ አንገታቸው ላይ ቀይ የክር ጉትዬ፣ ዐይናቸው አጠገብ የቆዳ ጋሻ ታስሮላቸው፣ ጭራቸውን እያወናጨፉ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል። ጎረምሶቹ ፀሐይ እየጠበሳቸው እንኳን ጂንስ ጃኬት አያወልቁም፤ ክረምት ሲገባ ግን ባለ ጃኬቱም ባለ ጋቢውም እግሩ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ የጎማ ጫማ። ጥቁሩ የፎገራ ጭቃ የቆዳ ጫማ ከእግር ላይ ነጥቆ ስለሚያስቀር ሌላ ምርጫ የለም። መስቀለኛው ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ አንድ የትዝታ ዘፈን ይወድና ክሩ እስኪላላ፣ ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት እስኪመስል ድረስ ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል። ዛሬም በዚያ ጥግ ሳልፍ ጆሮዬ ያንን የተጎተተ ድምፅ ይጠብቃል፤ የሚሰማው ግን የባጃጅ ጥሩምባ ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም አያ ፈንቴ እንለዋለን፤ ቀልድ የሚያውቅ፣ በሥራው ግን የማይቀልድ ሰው ነው። ቤቱ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፤ መቀመጫው የባሕር ዛፍ አጣና፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ፤ ቴሌቪዥኑ በርሜል ላይ የተቀመጠ። መግቢያው አንድ ብር ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ከፊልሙ አንድ ቃል አይሰማም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ስለሌለ ግን የሚከፋው ሰው አልነበረም። እኔ እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ስለምሰማ ከፊት ተቀምጬ አስረዳለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይብስብኝ ነበር።

ከፊልሞቹ ሁሉ የከተማውን ልብ የወሰደው እኛ የንጉሡ ፊልም የምንለው ነው። የሩቅ አገር ሰዎች ስለ አፈ ታሪክ ንጉሣቸው የሠሩት ነው፤ ንጉሡ ዘውድ አድርጎ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል፤ ቀሪውን ፊልም በዝናብ፣ በጭቃና በደም ውስጥ ይዋጋል፤ በመጨረሻ ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን ጭቃ ላይ ይወድቃል። ፊልሙ ሲያልቅ ማንም ወዲያው አይወጣም ነበር፤ ፍርዱ ይሰጣል። ቅዳሜ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች የፈረሱን ነገር ያነሣሉ። በእንዲያ ያለ ጭቃ ፈረስ አይጋለብም፣ የጉማራ ወንዝ ሲሞላ መጥተው እኛን ይጠይቁ፣ ይላሉ። ሽባባው የሚባል፣ መኪና ላይ የሩዝ ጆንያ የሚጭን ጎረምሳ ደግሞ ለንጉሡ ጠበቃ ነው፤ ፊልሙን ከማየቱ ብዛት ሰይፉ ከመነሣቱ በፊት የሚያርፍበትን ቦታ ይናገራል። መምሬ ጥላዬ ቤታቸው ከቪዲዮ ቤቱ ግድግዳ ጋራ የተያያዘ ስለሆነ ፊልሙን አንድም ቀን ሳያዩት በጆሯቸው ጨርሰውታል። እዚያ ቤት እግራቸውን አያነሡም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን ንጉሡ የነፍስ አባት ነበረው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። በፊልሙ ውስጥ እንዳላየሁ ስነግራቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። "እንግዲያ ያን ሁሉ ሰይፍ ያንኳኳው ሳይፈታ ለመሞት ነው" አሉኝ አንድ ቀን።

እትዬ ዝማም በሩ ላይ የሽምብራ ቆሎ ይሸጡ ነበር። ቆሎው በስኒ እየተሰፈረ በስሙኒ ይሸጣል። ጥቁር ቀሚስ፣ በአንገታቸው የደበዘዘ ማተብ፣ በጉልበታቸው ላይ ሰፌድ። ቆሎ ሻጭ ብቻ ቢሆኑ ግን ስማቸውን ያን ያህል ሰው አያውቀውም ነበር። በዚያ አካባቢ ለቅሶ ላይ ግጥም እየሰጠ ሕዝቡን የሚያስለቅስ ሰው አለ፤ አልቃሽ ይባላል። የፎገራ ሜዳ አልቃሽ እትዬ ዝማም ነበሩ። የሚፈሩትም የሚወደዱትም በአንድ ጠባያቸው ነው፤ ለሟቹ የማይገባ ግጥም አይወዱም። አንድ ገበሬ ሞቶ አንዱ ዘመዱ ስለ አንበሳ ገዳይነት ሲያወርድለት ለቅሶውን አስቁመው፣ "ይኸ ሰው አንበሳ በሥዕልም አላየ፤ አራሽ ነው፤ በሬዎቹን ጥራለት" ብለዋል ይባላል። እኔም እንዲያ ሲያርሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ዘመድ የሟቹን በሬዎች በየስማቸው ሲጠራ ነው ሕዝቡ ያለቀሰው።

የእሳቸው ሐዘን ግን ሌላ ነበር። አንድ ልጃቸው አስማረ ለሰሊጥ አጨዳ ከጓደኞቹ ጋር መተማ ወርዶ ነበር። ጓደኞቹ ተመለሱ፤ እሱ አልተመለሰም። በረሃው ላይ ስንበታተን ተለያየን ያለ አለ፤ ወደ ሱዳን ተሻግሯል ያለ አለ፤ ሞተ ያለ ግን የለም። እዚህ ላይ ልማዱን መናገር አለብኝ። መርዶ ሳይነገር አይለቀስም። ለሕያው ሰው ማልቀስ በራሱ ላይ ሞት መጥራት ነው። ስለዚህ የሰውን ሁሉ ሬሳ ያለቀሱት ሴት ለልጃቸው እንባ ማውጣት አይችሉም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጎንደር በኩል የሚመጣውን አውቶቡስ መንገዱ መገንጠያ ላይ ቆመው ያዩና ቆሏቸውን ሊቆሉ ይመለሳሉ። እንዴት አደሩ ሲባሉ፣ "ዛሬም ደህና ነን" ይላሉ፤ በብዙ ቁጥር።

አንድ የክረምት ቅዳሜ ዝናቡ በረታና አያ ፈንቴ እትዬ ዝማምን ከነሰፌዳቸው ወደ ውስጥ አስገባቸው። ፊልሙ ሊያልቅ ተቃርቧል። ንጉሡ ተወጋ፤ ተንበረከከ፤ ጭቃው ላይ በጎኑ ወደቀ። ወዲያው ነጫጭ ፊደላት ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። እትዬ ዝማም ግራ ቀኝ አዩ። "ቀጥሎ ማን ሊያለቅስለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ልማዴ አስረዳሁ፤ አልቋል አልሁ፤ ይህ ጽሑፍ የሠሩት ሰዎች ስም ነው፤ የወደቀው ሰው ተዋናይ ነው፤ ካሜራው ሲጠፋ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"እሱማ ሂዷል፤ ዕድሜ ይስጠው" አሉ። "ንጉሡ ግን ሞቷል አይደል?"

ሞቷል አልሁ። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡና ቆሙ። ነጠላቸውን በወገባቸው አሰሩት። አያ ፈንቴ ለሚቀጥለው ፊልም ውጭ ላይ ሰው ዝናብ እየደበደበው እንደሚጠብቅ ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት እሳቸው ጀመሩት፤

"ፈረሱም ይናገር፣ ጋሻውም ይመስክር፤
ያልተለቀሰለት ንጉሥ እዚህ ነበር።"

መጀመሪያ የሣቁ ነበሩ። ሁለተኛውን ሲሰጡ ግን ሣቁ ተቋረጠ፤

"ማን አለቀሰለት፣ ማን ፊቱን ሸፈነ፤
ሰው እንዳላዘዘ ብቻውን የሆነ።"

ሽባባው ከፊት ተነሥቶ ደረቱን እየደቃ ተቀበላቸው። ቀጥሎ ገበሬዎቹ ተቀበሉ። በዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በርሜል ላይ ለሞተ የባዕድ አገር ንጉሥ የጆንያ ተሸካሚውም የሽንኩርት ነጋዴውም አብሮ አለቀሰ። እኔም ማስረዳቴን ተውሁ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። የንጉሡ ፊልም በታየ ቁጥር መጨረሻው ላይ እትዬ ዝማም ይገባሉ፤ ለቅሶው ካልተለቀሰ ሰው አይወጣም። አያ ፈንቴም ገበያውን ዐውቆ በሩ ላይ ባለችው ጥቁር ጣውላ "ዛሬ ንጉሡ፣ ከነለቅሶው" ብሎ በጠመኔ ይጽፍ ጀመር። ሰው ፊልሙን ሳይሆን ለቅሶውን ለመስማት አንድ ብሩን እየከፈለ ይገባል። ሽባባውና ጓደኞቹ ግጥሞቹን በቃላቸው ያዙ፤ ጆንያ ሲጭኑ ሳይቀር ይሏቸዋል። ከመተማ የተመለሰ ጎረምሳ ሲገባ እትዬ ዝማም ቆሎ በነጻ ይሰጡታል፤ ምንም አይጠይቁትም፤ ቆሎውን እስኪጨርስ ግን አፉን ያዩታል።

አንድ ቀን ግን አዲስ ግጥም ሰጡ፤

"ጠራራ ፀሐይ ላይ ጥሎት ያ ጓደኛ፤
ውኃ ውኃ ሲል ነው እንቅልፉን የተኛ።"

ሽባባው ሊቀበል አፉን ከፈተና ቆመ። ፈገግ ብሎ፣ "እትዬ፣ ንጉሡ እኮ የሞተው በዝናብ ነው" አላቸው፤ ሊቀልድ ነው። የሰውን ግጥም የሚያርሙት እሳቸው ስለሆኑ ስሕተት ያገኘባቸው መስሎት ደስ ብሎታል። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ሰፌዳቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ለሁላችንም ገባን፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ፀሐይ የምትባል አንድም ቀን አትወጣም፤ በውኃ ጥም የሚሞተው በመተማ በረሃ ነው። የሚለቀስለት ማን እንደነበረ ዐወቅን፤ ዐውቀንም ዝም አልን፤ ብንናገር መርዶ ይሆናል። ሽባባው ተከትሏቸው ወጥቶ ሰፌዱን ተቀብሎ እቤታቸው ድረስ ሸኛቸው።

መርዶው የመጣው ክረምቱ አልፎ ጓያው ሲዘራ ነው። ከመተማ አንድ ሰው የአስማረን ጥቁር ኮት ይዞ መምሬ ጥላዬ ቤት መጣ። የተቀበረበትንም ቦታ ያውቃል። መምሬ አያ ፈንቴንና ሌሎች ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ አስተማሪ ነው ብለው እኔንም ጨመሩኝ። ፀሐይ ሳትወጣ በሩን አንኳኳን። እትዬ ዝማም ከፍተው አዩን። እንዲያ ባለ ሰዓት፣ እንዲያ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ለምን እንደሚመጡ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስንት በር አብረው አንኳኩተዋል። መምሬ፣ "ዝማም ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ" አሉ። እትዬ ዝማም ኮቱን ከእጃቸው ተቀብለው ተቀመጡና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ ኪሱን ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጠው አራገፉት። እንባ ግን አልወጣቸውም።

ሕዝቡ ከየአቅጣጫው መጣ፤ እሳቸው ያላለቀሱለት ቤት ስለሌለ የቀረ ሰው አልነበረም። ድንኳኑ ተተከለ። ሬሳ ስለሌለ ልማዱ የሟቹን ልብስ ማስቀመጥ ነውና ኮቱ አልጋ ላይ ተዘረጋ። ግን የሚጀምር ጠፋ። እትዬ ዝማም ዐይናቸውን ከኮቱ ሳያነሡ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ሴቶች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ማን በእሳቸው ፊት ደፍሮ ግጥም ይሰጣል? የእሳቸውን ጆሮ ሁሉም ይፈራል። አንዷ ልትጀምር ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘቀዘቀች። ከሩቅ የመጡት ገበሬዎች ከብቶቻቸውን እያሰቡ መቁነጥነጥ ጀመሩ። መምሬ ጥላዬ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ ይህ ቀን እንዲህ ካለፈ ይህች ሴት ዳግመኛ አታለቅስም፤ ያልወጣ ሐዘን ይገድላታል፤ አሉኝ። 

ይህን ጊዜ ሽባባውና የመኪና ጫኝ ጓደኞቹ ከሥራ መጡ። የሩዝ ገለባ ልብሳቸው ላይ እንደተጣበቀ ነው። ሽባባው ሕዝቡን ሰንጥቆ ኮቱ ፊት ቆመና የሚያውቀውን ጀመረ፤

"ፈረሱም ይናገር፣ ጋሻውም ይመስክር፤"

ሕዝቡ አጉረመረመ። አስማረ ፈረስም ጋሻም አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ ሽባባውን በክንዱ ሊይዙት ተነሡ፤ እሱ ግን አላያቸውም፤ እንባው እየወረደ ቀጠለ፤

"ማን አለቀሰለት፣ ማን ፊቱን ሸፈነ፤
ሰው እንዳላዘዘ ብቻውን የሆነ።"

እትዬ ዝማም ቀና አሉ። "ሽባባው" አሉት፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። "ልጄ ማንን አዘዘ? ታዞ ነው የኖረ። አስተካክለህ በል እንጂ።"

"ሌላ አላውቅም፣ እትዬ" አለ ሽባባው። "እርስዎ ያስተማሩን ይኸን ብቻ ነው።"

ትንሽ አዩት። ከዚያ መሬቱን በእጃቸው ተደግፈው ተነሡ። ነጠላቸውን በወገባቸው አሰሩ። ኮቱን ከአልጋው ላይ አንሥተው በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት፤

"ማጭዱም ይናገር፣ ሰሊጡም ይመስክር፤
ያልተለቀሰለት አንዱ ልጄ ነበር።"

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ ሽባባው የተሳሳተውን ቦታ ማረም ነበረባቸው፤

"ማን አለቀሰለት፣ ማን ፊቱን ሸፈነ፤
እናት እንደሌለው ብቻውን የሆነ።"

እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እንባቸውም ወረደ። ሴቶቹ ደግፈው ያዟቸው። እስኪመሽ አለቀሱ።

ያ ቪዲዮ ቤት ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሱቅ አለ። እትዬ ዝማምም መምሬ ጥላዬም አርፈዋል። ሽባባው ሽበት አብቅሎ አሁን የራሱ ባጃጅ አለው፤ ሲያሳፍረኝ ሒሳብ አይቀበለኝም። ለቅሶው እንኳን ተለውጧል፤ ድንኳን ውስጥ ገብተን፣ ትንሽ አቀርቅረን፣ ስልካችንን ከኪሳችን አውጥተን እናያለን። ግጥም የሚሰጥ ሲጠፋ ጆሮዬ ያንን የሚያርም ድምፅ ይፈልጋል።

ለዚያች ተማሪዬ ግን ልነግራት ያሰብሁት ከለቅሶው በኋላ የነበረውን ቅዳሜ ነው። አያ ፈንቴ የንጉሡን ፊልም አሳየ። ጥቁሯ ጣውላ ላይ "ዛሬ ንጉሡ" ብቻ ይላል፤ "ከነለቅሶው" የሚለውን በእጁ መዳፍ አጥፍቶታል፤ ነጩ ጠመኔ ተድበስብሶ ይታያል። ቤቱ ሞላ። ንጉሡ እንደተለመደው ተዋጋ፤ ተወጋ፤ ጭቃው ላይ ወደቀ። ጽሑፉ መጣ። ሁላችንም ዞር ብለን በሩን አየን። ሰፌድ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ልጃቸውን እያለቀሱ ነው፣ ንጉሥ የሚያለቅሱበት ጊዜ አልነበራቸውም። ፊደላቱ ወጥተው ወጥተው አለቁ፤ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፤ የተነሣ ሰው ግን አልነበረም፤ ፈረሱን የነቀፈም የለም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላውን ተደግፎ ብድግ አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኛ ዞረ።

"እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አለ።

"አሜን" አልነው፤ ሁላችንም።